ፎስፌቱ ወረደ ስል ተመልሶ ይወጣብኛል

ሰላም ለሁላችሁ። ኮራል የማሳድግበት 200 ሊትር የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ። ናይትሬቱ በሊትር 10 ሚሊግራም አካባቢ ነው፣ እሱ ብዙም አላሳሰበኝም። ያስቸገረኝ አልጌ የሚመግበው ፎስፌቱ ነው። በሊትር 0.4 ሚሊግራም ላይ ተገትሯል፣ እኔ ደግሞ ከ0.1 በታች እንዲሆን ነው የምፈልገው።

ጨው የምበጠብጥበት ውሃ ተጣርቶ ቲዲኤሱ፣ ማለትም በውሃው ውስጥ የሟሟው ነገር መጠን፣ ዜሮ የሆነ ስለሆነ ከእሱ የሚመጣ አይመስለኝም። በአረፋ ቆሻሻ የሚለየው ፕሮቲን ስኪመርም ጥቁር ቡናማ ቆሻሻ በደንብ እያወጣ ነው። የዓሦቹን ምግብ ቀንሻለሁ፣ በረዶ የሆነውንም አሟሙቼ ውሃውን ደፍቼ ነው የምሰጣቸው። በየሳምንቱ 10 በመቶ ውሃ እቀይራለሁ።

ከዚያ ጂኤፍኦ፣ ማለትም ፎስፌት የሚመጠውን የብረት ኦክሳይድ፣ በማጣሪያው ውስጥ አስገባሁ። ወዲያው ወደ 0.15 ወረደ። ግን ጂኤፍኦው ሲጠግብ ቁጥሩ ተመልሶ እዚያው 0.4 ላይ ወጣ፣ ይባስ ብሎ በፍጥነት ስለወረደ ይመስለኛል አክሮፖራ የተባለው ኮራሌ ጫፉ መንጣት ጀመረ፣ እሱን ሳይ አንጀቴ ነው የሚላወሰው።

የምጠረጥረው ድንጋዮቹን ነው። ከሌላ ሰው አሮጌ አኳሪየም የመጡ ናቸው። ፀጉር መሳዩ አረንጓዴ አልጌ የሚበቅለው እነሱ ላይ ብቻ ነው፣ መስታወቱ ንጹህ ነው። ድንጋዮቹ የተሠሩበት ካልሲየም ካርቦኔት ፎስፌት ይዞ ይቆይና የውሃው መጠን ሲወርድ መልሶ እንደሚለቅ አውቃለሁ።

እንዲህ ያለ ድንጋይ የገጠማችሁ፣ የያዘው እስኪያልቅ ጂኤፍኦውን በትንሽ በትንሹ እየቀየርኩ ልቀጥል፣ ወይስ ድንጋዮቹን ተራ በተራ አውጥቼ ለብቻቸው ፎስፌትን በሚያስረው ላንታነም ክሎራይድ ላጽዳቸው?