ልጄ ያነሣችው የኤልክ ቀንድ

የናርዶስ አባት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ሄጄ ነበር። ሞሬን ፓርክ የሚባለው ሜዳ ዳር የ9 ዓመቷ ልጄ ሣር ውስጥ አንድ ቀንድ አገኘች። ከቁመቷ ብዙም አያንስም፣ ስድስት ቅርንጫፍ አለው፣ ሥሩ ላይ ደግሞ የደረቀ ደም የመሰለ ነገር አለ። «አባዬ፣ ገድለውት ነው?» ብላ አፈጠጠችብኝ። መኪና ላይ ልጭነው ስል አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ ጣቷን ነቀነቀችብኝና መልሼ አስቀመጥኩት። ልጅቷ እስከ ቤት አለቀሰች። ሴትዮዋ እውነቷን ነው? ደግሞስ ይሄ ኤልክ የሚሉት ከኛ አጋዘን ጋር ዝምድና አለው? ባለቤቴ የባሌ ልጅ ናት፤ «የኛው የደጋ አጋዘን ነው፣ ፈረንጅ ስም ቀይሮለት ነው» ብላ ድርቅ ብላለች።

ሌሊት ፈረቃ፦
ወንድሜ፣ ሴትዮዋ ውለታ ውላልሃለች። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የወደቀ ቀንድ ማንሣት በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ከፓርኩ ውጭ ባለው የመንግሥት መሬት ላይም ቢሆን፣ ከሀይዌይ 25 በስተምዕራብ ከጃንዋሪ 1 እስከ ኤፕሪል 30 መልቀም አይፈቀድም። ክረምቱን በረሃብ የከረመ እንስሳ ቀንድ ለቃሚ ሲያባርረው የቀረችውን ስብ በሩጫ ይጨርሳታል። ሴቶቹ ደግሞ ያኔ እርጉዝ ናቸው፤ የሚወልዱት ሜይ መጨረሻና ጁን ላይ ነው።

ለናርዶስ ማንም እንዳልገደለው ንገራት። የወንዱ ቀንድ በየዓመቱ ማርችና ኤፕሪል ላይ በራሱ ጊዜ ይወድቃል፤ ደሙም ከዚያ ነው። ከዚያ አዲሱ ከፋይ በመሰለ ቆዳ ተሸፍኖ ይወጣል፣ ሲፈጥን በቀን 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል።

እኔ ከፓርኩ አጠገብ ባለችው እስቴስ ፓርክ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ሌሊት ስሠራ 11 ዓመቴ ነው። በመጀመሪያው ሴፕቴምበር የኤልኩን ድምፅ ስሰማ ሰው የሚታረድ መስሎኝ 911 ልደውል ስልክ አንሥቼ ነበር። 300 ኪሎ የሚመዝን እንስሳ እንደ ዋሽንት ያፏጫል ብሎ ማን ያስባል! ያን ጊዜ ልጆቹን ይዘህ ተመለስ። ብቻ ከ23 ሜትር በላይ ራቁ፤ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ሜዳው ውስጥ ከቀኑ 11 ሰዓት (በሐበሻ ነው የምልህ) ጀምሮ መግባት አይቻልም።

እዚያ ሜዳ ላይ ረጅም አጥር አላየህም? እሱ የቆመው ለዛፎቹ ነው። የዚህ አገር ኤልክ በአዳኝ አልቆ ነበር፤ አሁን የምናያቸው በ1913 እና በ1914 ከየሎውስቶን ከመጡ 49 እንስሳት ነው የጀመሩት። እንደኛው መጤ ናቸው በላት። ተኩላም ግሪዝሊ ድብም ቀድሞ ተጨርሶ ስለነበር የሚያባርራቸው ጠፋና ሜዳው ላይ ተደላድለው ዊሎውና አስፐን የሚባሉትን ዛፎች በለጋው ጋጡት። ዊሎው ሲጠፋ ቢቨር የሚባለው ግድብ ሠሪ እንስሳም ሄደ። ፓርኩ በ2008 ዕቅድ አውጥቶ ማጠር ጀመረ፤ ትንንሽ እንስሳት እንዲያልፉ አጥሩ ከሥሩ ክፍት ነው። ኮሎራዶ በ2023 ዲሴምበር ተኩላ መልሳ ለቃለች፣ ሮኪ ማውንቴን ውስጥ ግን አይደለም። ከብት አርቢ ደንበኞቻችን ፊት ይህን ወሬ አላነሣም።

ጎተንበርግ ብርዱ፦
እዚህ ስዊድን «ኤልግ» የሚሉት ሌላ ነው፤ አሜሪካኖች ሙስ የሚሉት፣ ቀንዱ እንደ መዳፍ የተዘረጋው። እንግሊዞችም ኤልክ የሚሉት እሱን ነው።

ባለቤትህ ግን ይቅርታ ታድርግልኝ። የደጋ አጋዘን ወገኑ ከበሬና ከፍየል ነው። ቀንዱ ይጠማዘዛል እንጂ ቅርንጫፍ አያወጣም፣ ዕድሜውን ሙሉም አይወድቅም። የኤልክ ወገን በአፍሪካ ያለው ሰሜን ጫፍ ላይ ብቻ ነው፣ እንደ አልጄሪያና ቱኒዝያ ባሉ አገሮች። ማስረጃ ካለች የደጋ አጋዘን ሥዕል ያለበትን የኛን የአሥር ሳንቲም ጀርባ አሳያት።

የናርዶስ አባት፦
አሥር ሳንቲም ፍለጋ የእናቴን የድሮ ቦርሳ ገለበጥኩ። ባለቤቴ አየችውና «ቢሆንም የኛው ያምራል» ብላ ወጥ ቤት ገባች። እህቴ ሌሊት ፈረቃ፣ ናርዶስ ቅዳሜ ተመልሰን ቀንዱ መኖሩን እንይ ብላለች። ይኖር ይሆን?

ሌሊት ፈረቃ፦
ሰው ካላነሣው አለ። ሥሩን በደንብ ትየው፤ አይጦች ለካልሲየሙ ሲሉ ይቆረጥሙታል፣ የጥርሳቸው ጭረት በጣት ይዳሰሳል።