ለአእምሮ ጤና ጋዜጠኝነት ፌሎሺፕ ሳመለክት የገጠመኝ ችግር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በአማርኛ የሬዲዮ ዝግጅት የማቀርብ ጋዜጠኛ ነኝ። አትላንታ በሚገኘው የካርተር ማእከል እ.ኤ.አ. በ1996 ለተጀመረው የሮዛሊን ካርተር የአእምሮ ጤና ጋዜጠኝነት ፌሎሺፕ (ጋዜጠኞች በዚህ ርዕስ ላይ እንዲሠሩ የሚሰጥ ድጋፍ) ለማመልከት አስቤ፣ የፕሮጀክት ሐሳቤን መጻፍ ላይ ስደርስ ተቸግሬ ቆሜአለሁ።

ልሠራው የምፈልገው፣ ወገኖቻችን የአእምሮ ሕመም ሲገጥማቸው ቤተሰብ ለምን እንደሚደብቀውና የሐኪም መድኃኒት ከጠበል ጎን ለጎን እንዴት ሊወሰድ እንደሚችል ነው። የአጎቴ ልጅ ታሞ በነበረበት ጊዜ ለጠያቂ ሁሉ «ሥራ በዝቶበት ነው» እያልን ሁለት ዓመት ማሳለፋችን ዛሬም ይቆጨኛል። ይህን በማመልከቻው ላይ መግለጽ ተገቢ ይሆን?

ከሁሉ በላይ የከበደኝ የባለታሪኮቹ ጥበቃ ጉዳይ ነው። ሁሉም በሚተዋወቅበት ማኅበረሰብ ውስጥ፣ ያውም በሬዲዮ፣ ስም መቀየር ብቻውን ሰውን አይሸሽግም፤ ድምፁ ያስለየዋል። ደግሞም ሕመሙ በበረታበት ወቅት ፈቃዱን የሰጠ ሰው ሲሻለው ሐሳቡን ቢቀይር፣ ታሪኩን ከዝግጅቱ የማስወጣት መብት እስከ መቼ ድረስ ልሰጠው ይገባል? ራስን ስለ ማጥፋት ሲዘገብ ዘዴውን በዝርዝር አለመግለጽና እንደ አሜሪካው 988 ያለ የስልክ የእርዳታ መስመርን መጠቆም እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ስለ ፈቃድ ግን ተግባራዊ ምክር እሻለሁ።

በተጨማሪም የአማርኛ የሬዲዮ ሥራዎቼን ለናሙና ሳቀርብ ሙሉ ትርጉም ወይስ አጭር መግለጫ እንደሚሻል፣ በተመሳሳይ መንገድ ያለፋችሁ ብትነግሩኝ፣ ረቂቄንም የሚያነብልኝ ባገኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።