ጥቆማ፦ ለትከሻ ጅማት ቢፒሲ-157 ወይስ ቲቢ-500?

ትከሻው ለወራት አልድን ብሎት የትኛውን ልግዛ ላለው ወንድማችን፦ ሁለቱም ጅማት ያድናሉ እየተባሉ በመርፌ የሚወሰዱ ፔፕታይዶች (አጫጭር የፕሮቲን ሰንሰለቶች) ናቸው፤ ሁለቱንም አልመክርህም።

ፔፕታይድ ሁሉ ማጭበርበሪያ ነው እያልኩ አይደለም። ኢንሱሊንም እኮ ፔፕታይድ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ስንቱን ከሞት አፍ መልሷል። ሴማግሉታይድ ለስኳር፣ ቴሪፓራታይድ ለአጥንት መሳሳት ብዙ ሰው ላይ ተሞክረው የተፈቀዱ ናቸው። ሐኪም ያዝዛቸዋል፣ መጠናቸው ይታወቃል።

ቢፒሲ-157 ግን ዝናው በአብዛኛው ከአይጥ የመጣ ነው። ጤነኛ አይጥ ጅማቱ ሆን ተብሎ ይቆረጣል፣ ከዚያ ቢፒሲ-157 ይወጋል፣ ቶሎ ይድናል። ያንተ ትከሻ ደግሞ ምናልባት በዓመታት ልፋት ያለቀ ነው። ሰው ላይ የተሠራው ጥናት ጥቂት፣ ትንንሽና ማነጻጸሪያ የሌለው ነው። በእንስሳት ላይ አዲስ የደም ሥር እንደሚያበቅልም ታይቷል። ለቁስል ጥሩ ነው፤ ግን ዕጢም የደም ሥር ይወዳል። ሰው ላይ ይህ ጉዳት ታይቷል ማለቴ አይደለም፤ ካንሰር የነበረበት ሰው ግን ባይነካው ይሻላል። ቲቢ-500ም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለውም። ውድድር ካለህ ደግሞ ሁለቱም በዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ የተከለከሉ ናቸው።

ጂም አብሮኝ የሚሠራ ልጅ የገዛውን አሳይቶኛል። አውራ ጣት የምታክል ብልቃጥ፣ ሥሯ ላይ ነጭ ዱቄት የተጣበቀባት። ጎኗ ላይ በደቃቅ ፊደል «ለምርምር ብቻ፣ ለሰው አይውልም» ይላል። አብሮ የመጣው ወረቀት «99 በመቶ ንጹሕ» ይላል። ጥሩ፤ ግን ያ ቁጥር ከጀርም ነጻ ነው ማለት አይደለም። የባክቴሪያ መርዝ በጣም ጥቂት ሆኖም ትኩሳት ያስነሳል፣ የንጽሕና ምርመራውም አያየውም።

የሚጠጣው የኮላጅን (የጅማት ዋና ፕሮቲን) ዱቄትስ? ሆድ ውስጥ ይፈጫል። ብዙም አይጎዳም፣ ተአምርም አትጠብቅ።

የኔ ምርጫ ፊዚዮቴራፒ ነው። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ክብደቱን ቀስ በቀስ እየጨመሩ ጅማቱን ማሠራት ግን ሰው ላይ የተፈተነ ነው። መጀመሪያ ትከሻህን የሚያይ ሐኪም ፈልግ፤ ተበጥሶ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

ያ ልጅ አሁን ተሽሎታል። መርፌው ነው ያዳነኝ ይላል። በዚያው ሰሞን ከባድ ብረት ማንሳት ትቶ በየቀኑ በላስቲክ መሥራት ጀምሮ እንደነበር ግን ሲጠየቅ ነው የሚያስታውሰው።