ኦክስጅን ሲያንስ የፅንሱ ኮርቲሶል ይጨምራል ወይስ አይጨምርም?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእንስሳት ፊዚዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ለሴሚናር ስለ በግ ፅንስ እያነበብኩ ግራ ገባኝ። አንዱ ጽሑፍ ኦክስጅን ሲያጥር የፅንሱ ኮርቲሶል (የጭንቀት ሆርሞን) ያሻቅባል ይላል። ሌላው ደግሞ ተራራ ላይ የከረሙ በጎችን ፅንስ ለክቶ ኮርቲሶሉ ከሌሎቹ አይለይም ይላል። የቱን ልመን?

የላብ ሰው፦
ሁለቱንም እመን። ልዩነቱ ያለው ጊዜው ላይ ነው። እኔ በፅንስ በጎች ላይ ሰርቻለሁ። ደም የምንቀዳው ፅንሱ ማህፀን ውስጥ እንዳለ፣ ደም ስሩ ውስጥ ባስገባናት ቀጭን ቱቦ ነው። የፅንሱ የደም ኦክስጅን ግፊት ድሮም ዝቅ ያለ ነው፤ እናትየው 100 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ስትሆን እሱ ከ20 እስከ 25 ነው። እናትየው የምትስበውን ኦክስጅን ስትቀንስበት የልቡ ምት ይፈጥናል ብለህ ትጠብቃለህ አይደል? ቀስ ይላል! ኤሲቲኤች (አድሬናል ዕጢን ኮርቲሶል ስራ ብሎ የሚያዘው ሆርሞን)፣ እንዲሁም ደም ስርን የሚያጠቡት ቫሶፕሬሲንና ኖርአድሬናሊን ይተኮሳሉ፣ ኮርቲሶልም ይከተላል። የእግርና የቆዳ ደም ስሮች ይጠባሉ፤ ደሙ ወደ አንጎል፣ ወደ ልብና ኮርቲሶል ወደሚሰራው ከኩላሊት በላይ ወዳለው ወደ ራሱ ወደ አድሬናል ዕጢ ይሄዳል። ኢንሱሊን ግን ይወርዳል፣ ምክንያቱም ኖርአድሬናሊን ቆሽት ኢንሱሊን እንዳያመነጭ ይይዘዋል። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

የተራራው ጉዳይ ሌላ ነው። እዚያ እናቶቹ 3820 ሜትር ላይ አብዛኛውን እርግዝናቸውን ነው ያሳለፉት። ኤሲቲኤች ከፍ ብሎ ሳለ አድሬናሉ ኮርቲሶል የሚሰራባቸውን ኢንዛይሞች ቀንሷል። ለምን ቢሉ፣ በበግ ዘንድ የምጥ ደወል የሚደውለው የፅንሱ ኮርቲሶል ነው። ተመራማሪው ሊጊንስ ይህን በ1960ዎቹ አሳይቷል። ለሳምንታት ከፍ ብሎ ቢቆይ ግልገሉ ከ147 ቀኑ በፊት ይወለድ ነበር።

ደግሞ «ተላምዷል» ብለው የሚያልፉ ሰዎች ያናድዱኛል። ያንኑ ፅንስ ሌላ ጭንቀት ጨምርበት፤ ኮርቲሶሉ ከቆላው ፅንስ ይበልጥ ይዘላል።

ሌላ መላሽ፦
ኢሪትሮፖይቲንን (ቀይ የደም ሴል እንዲመረት የምታዘውን ሆርሞን) እንዳትረሳት። እሷም ትጨምራለች፣ ቀይ የደም ሴል ይበዛል። በፅንስ ግን መጀመሪያ በብዛት የምትመነጨው ከጉበት ነው እንጂ ከኩላሊት አይደለም።

ጠያቂ፦
እናመሰግናለን። አንድ ነገር ብቻ፦ የጨመረው ኮርቲሶል የእናትየው ቢሆንስ?

የላብ ሰው፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። የእንግዴ ልጁ የእናትየውን ኮርቲሶል ብዙውን ወደማይሰራ ኮርቲዞን ይቀይረዋል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ስለዚህ ከዚያው ናሙና ላይ ኤሲቲኤችን ለካ። ኤሲቲኤች የእንግዴ ልጁን አያልፍም፤ እዚያ ካገኘኸው የራሱ የፅንሱ ነው። የእናትን ነገር ጨርሶ ማውጣት ከፈለግህ ደግሞ የዶሮ እንቁላል አለልህ። ኦክስጅን ባነሰበት ማቀፊያ ታስቀምጠዋለህ፤ እናትም የእንግዴ ልጅም የለም። ሴሚናሩ ላይ ግን ሁለቱን ጽሑፎች በአንድ ግራፍ እንዳታቀርባቸው። አንዱ በደቂቃ፣ ሌላው በሳምንት ነው የሚለካው።