ከእናቴ ጋር ቁጭ ብለን የምናየው ድራማ ፊልም ጠቁሙኝ

የሸዋበሯ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። እናቴ ከደሴ መጥታ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ጋር ናት። ሦስት ወር ሊሞላት ነው። 68 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ በዚህ ብርድ ከቤት አትወጣም። እኔ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ማታ ማታ ነው የምሠራው። እረፍቴ እሁድና ሰኞ ብቻ ነው። ቀን እኔ ስተኛ እሷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ መኪና ስታይ ትውላለች። ባለፈው «እዚህ አገር ሰው የለም እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከልቤ አልወጣም።

ደሴ እያለች ቃና ላይ የቱርክ ድራማ ትከታተል ነበር። ታሪክ ትወዳለች። «ይሄ ሰው ለምን እንዲህ አደረገ?» ብላ መከራከር ትወዳለች። ግን ተከታታይ ስንጀምር እኔ ሥራ ስገባ ይቋረጣል፤ እሷም ያለ እኔ ማየት አይሆንላትም። ስለዚህ የምፈልገው በአንድ ማታ የሚያልቅ ፊልም ነው።

ባለፈው እሁድ ብዙ የተወራለት፣ ሽልማት ያገኘ የአሜሪካ ፊልም ከፈትኩላት። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን። አጠፋሁት። እሷም ምንም አላለችም፣ ተነስታ ሰገደች።

እንግሊዝኛ አትሰማም። አማርኛ ታነባለች፣ ግን በመነጽር፣ ቀስ እያለች። የአማርኛ ፊልም ቢሆን ደስ ይለኛል። ካልሆነም ንግግሩ ያልበዛ፣ እኔ እያቆምኩ ልተረጉምላት የምችለው ይሁን። ሳቅ አይደለም የምፈልገው። ቁም ነገር ያለው፣ ካየነው በኋላ ሻይ አፍልተን የምናወራበት ነው።

የልደታው ጠበቃ

እህቴ፣ «ድፍረት»ን አሳያት። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስና በርሊን የፊልም ፌስቲቫሎች ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ሁለት ሰዓት አይሞላም፣ በአማርኛ ነው።

መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን በገዛ ጠመንጃው ገድላ ታመልጣለች። በነፍስ ግድያ ትከሰሳለች። ጥብቅና የቆሙላት ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው፤ የሴት የሕግ ባለሙያዎችን ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ፣ ኋላም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት። ፊልሙ ላይ ሜሮን ጌትነት ናት እሳቸውን ሆና የምትጫወተው።

እኔ በሙያዬ ብዙ ፋይል አገላብጫለሁ። ፊልም ላይ የሚታይ ችሎት ብዙ ጊዜ አያሳምነኝም። ይሄኛው ያሳመነኝ ጩኸት ስለሌለበት ነው። ጠበቃዋ የምትደክመው አንድ ቀላል ነገር ለማስረዳት ነው፦ ልጅቷ የገደለችው ራሷን ለመከላከል ነው። ያንን ለማስረዳት የምትወጣው የምትወርደው ቢሮ ብዛት! በአንድ ወገን ሕጉ አለ፣ በሌላ ወገን ባህሉና ሽማግሌው አለ፣ ልጅቷ መሀል ላይ ናት። ርዕሱን ደግሞ ልብ በይው። ድፍረት ጀግንነትም ነው፣ መደፈርም ነው። በሌላ ቋንቋ ይሄን በአንድ ቃል መያዝ የሚቻል አይመስለኝም።

መጀመሪያ አካባቢ ያለው ጠለፋ ከባድ ነው። ሳትከፍቺው በፊት ንገሪያት። እናትሽ በዕድሜያቸው ጠለፋን በወሬ ብቻ አይደለም የሚያውቁት፤ ምናልባት የሚያውቋት ሴት ትኖር ይሆናል። ከፊልሙ በኋላ የሚያወሩሽ ከፊልሙ ሊበልጥ ይችላል።

ስድስት ዓመት በቤሩት

እኔ የምጠቁምሽን ከአማርኛ ፊልሞች ዝርዝር ውስጥ አታገኚውም፣ ግን አማርኛ አለበት። «ቅፍርናሆም» ይባላል። ናዲን ላባኪ የምትባል ሊባኖሳዊት ናት የሠራችው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ካን ላይ የዳኞች ሽልማት አግኝቷል። ስሙ የወንጌሏ ከተማ ነው፤ ዝብርቅርቁ የወጣ ነገር ማለትም ይሆናል።

ዘይን የሚባል ልጅ «ለምን ወለዳችሁኝ» ብሎ እናት አባቱን ይከሳል። ታሪኩ እሱ ነው። እኔን የገደለችኝ ግን ራሄል ናት። ኢትዮጵያዊት ናት፤ ከሰው ቤት ወጥታ ያለ ወረቀት የምትኖር፣ «ትዕግሥት» በሚል የውሸት መታወቂያ የምትሠራ። ሕፃን ልጅ አላት፣ ዮናስ ይባላል። ልጁን ሽንት ቤት ደብቃ ነው ወለል የምትወለውለው። እየሮጠች ታጠባዋለች፣ እየሮጠች ትመለሳለች። ራሄልን የሆነችው ዮርዳኖስ ሽፈራው በቀረጻው ጊዜ በእውነትም ወረቀት የለሽም ተብላ ታስራ ነበር። ፊቷ ላይ ያለው ትወና ብቻ አይደለም።

እኔ የነበርኩበት ቤት ፓስፖርቴ የማዳሟ መሳቢያ ውስጥ ነበር። እሁድ የሚወጡ ልጆች ዶራ የሚባለው ሰፈር ሄደው በርበሬ ገዝተው፣ አማርኛ አውርተው ሲመለሱ እኔ ከሰገነት ላይ አያቸው ነበር። መውጣት የተፈቀደልኝ በአራተኛው ዓመት ነው። ስመለስ ሰፈር ሰው «ቤሩት እንዴት ነው?» ሲለኝ «ደህና ነው» ከማለት ሌላ ቃል አጣሁ። ይሄን ፊልም አዲስ አበባ በላፕቶፕ ከእህቴ ጋር አየሁት። ራሄል ስልክ ይዛ ከእናቷ ጋር ስታወራ እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። ምንም አልጠየቀችኝም። ያን ቀን ማታ ሁሉንም ነገርኳት።

ለእናትሽ መጀመሪያ ይሄን አትክፈቺ። ዓረብ አገር ልጅ ወይም የእህት ልጅ ካላቸው ደግሞ ይቆይ። አንቺ ግን ብቻሽንም ቢሆን እዪው። ዘይን ሕፃኑን በተሽከርካሪ ጣውላ ላይ አስቀምጦ ድስት አስሮ መንገድ ለመንገድ ሲጎትተው ታያለሽ። ያ ልጅ ራሱ ልጅ ነው እኮ።

የሸዋበሯ

እህቴ፣ አነበብኩትና እንባዬ መጣ። የአክስቴ ልጅ ጅዳ ናት። እማዬ በየሳምንቱ ነው የምትደውልላት። እንዳልሽው ይቆያል። እኔ ግን አየዋለሁ።

ጎርጎራ

«ጤዛ»ን ሳትጠቅሱ ልታልፉ ነው? የሠራው ኃይሌ ገሪማ የጎንደር ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ጽሑፍን፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ የሚባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት ወስዷል።

አንበርብር ጀርመን ተምሮ ሐኪም የሆነ ሰው ነው። እግሩን አጥቶ እናቱ ቤት፣ ገጠር ይመለሳል። የሚያስታውሰውና የሚረሳው ይደባለቅበታል። የደርግ ወታደሮች ልጆችን ለጦርነት ሲለቅሙ፣ ልጆቹ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። እኔ ያደግኩበትን ውሃና ድንጋይ ነው ያየሁት። እናትየዋ ግን ከሁሉም ትበልጣለች። ልጇ ምን እንደሆነባት አታውቅም። ቢሆንም ትጠብቃለች።

140 ደቂቃ ነው፣ በአንድ ማታ አይጫናቸው። እሁድ ግማሹን፣ ሰኞ ግማሹን እዩት። ጀርመንኛና እንግሊዝኛ ያለበትን ቦታ አንቺ ተርጉሚ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆንሽ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ። ጆርጂያ አቬኑን ይዘሽ ወደ ዋሽንግተን ብትወርጂ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት «ሳንኮፋ» የሚባለው የኃይሌና የባለቤቱ መጽሐፍ ቤት አለ። ቀኑ ሞቅ ሲል እናትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። ሻይ ጠጥተው ሰው አይተው ይመለሳሉ።

ያሬድ ዘለቀ የሠራው «ላምብ»ም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ካን በይፋ ከተመረጡት ፊልሞች አንዱ ነበር፣ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው። ቹኒ የምትባል በጉን ከበዓል እርድ ለማዳን የሚታገል ልጅ ነው ታሪኩ። ልጁ ወጥ መሥራት ይችላል፤ አጎቱ በዚያ ያፍርበታል። ለስላሳ ነው።

ሦስተኛ ክፍል ቢ

አብሽሪ የደሴዋ! እኔም የወሎ ልጅ ነኝ፣ አስተማሪ ነኝ። የኢራኑን «የገነት ልጆች» ፈልጊ። ማጂድ ማጂዲ እ.ኤ.አ. በ1997 ነው የሠራው፤ ለኦስካርም ታጭቶ ነበር። አንድም የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ዓሊ የእህቱን የዛህራን ጫማ አሠርቶ ሲመለስ ይጠፋበታል። አባታቸው ድሃ ነው፣ ሊነግሩት አይፈልጉም። ስለዚህ የዓሊን ሸራ ጫማ በፈረቃ ያደርጉታል። እሷ ጠዋት ተምራ እየሮጠች ትመጣለች፣ መንገድ ላይ አውልቃ ትሰጠዋለች፣ እሱ ደግሞ ወደ ከሰዓቱ ፈረቃ ይበራል። የሁለት ፈረቃ ትምህርት ቤት ለእኛ ማን ይተረጉምልናል? ንግግሩ ትንሽ ነው። ልጆቹ በዓይናቸው ነው የሚያወሩት። ክፍሌ ውስጥ ያሉ ልጆች ያለ ምንም ትርጉም ተከታትለውታል፤ አንዷ ተማሪዬ ሲያልቅ ወደ እግሯ ስታይ አየኋት።

ብዙ የአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለአባሎቻቸው ፊልም በነጻ ያውሳሉ። ካርድ ካለሽ እዚያ ጠይቂ።

የሸዋበሯ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው። ዲቪዲውን ከቤተ መጻሕፍቱ አገኘሁት። እሁድ ከመግሪብ በኋላ ሻይ አፍልተን «የገነት ልጆች»ን ከፈትን።

መጀመሪያ በየደቂቃው እያቆምኩ እተረጉምላት ነበር። ትንሽ ቆይታ «ተይኝ፣ ይገባኛል» አለችኝ። አባትየው የመስጊዱን ስኳር ቤት አምጥቶ የሚፈልጥበት ቦታ አለ። ፊቱ ክምር ስኳር አለ። ልጅቷ ሻይ ታቀርብለታለች፣ ስኳር ግን የለውም። «ይሄ ሁሉ ስኳር እያለ?» ትለዋለች። እኔ ልተረጉም አፌን ስከፍት እማዬ «አማና ነዋ!» አለች። አባትየው ገና አልመለሰም ነበር። ቀጥሎ ያለው እሱኑ ነው፣ የመስጊድ ነው አለ። እማዬ ጉልበቷን መታ መታ አደረገችና «አየሽ?» አለችኝ።

ሲያልቅ ተከራከርን። እሷ ልጁ ለአባቱ መንገር ነበረበት ትላለች። እኔ ደግሞ አባቱን ላለማስጨነቅ ነው እላለሁ። እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልተኛንም።

ሰኞ ጠዋት ደሴ ለእህቷ ደወለች። ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረከችላት። ልጁን «ዓሊዬ» እያለች። ስኳሩ ጋ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ቀስ ብላ ነገረቻት።

ለሚመጣው እሁድ «የዚያችን የጠበቃዋን ክፈችልኝ» ብላኛለች። ስለ ጠለፋው አስቀድሜ ነግሬያታለሁ። ዝም ብላ ቆየችና «አውቃለሁ፣ ክፈችው» አለችኝ።