«ጤነኛ ሰው ሰንጢ ይዞ ቢሮ አይገባም» ማለት ምን ማለት ነው?

የእቃ ክፍሉ፦
ተናድጄ ነው የምጽፈው፣ አስቀድሜ ልናገር። ከሁለት ሳምንት በፊት ቢሮ ካርቶን መጣ። ስኮቹ ሦስት አራት ዙር ተጠቅልሎበታል፤ በጥፍር የሚሆን አይደለም። ሰንጢዬን ከኪሴ አወጣኋት፣ ስኮቹን ሰነጠቅኩ፣ አጥፌ መለስኳት። ነገሩ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ስለቷን ለክቻታለሁ፣ 6 ሴንቲ ሜትር ናት።

ከጎኔ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሳች። ምንም አላለችኝም። ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ጠርቶ «ሰው ፈርቷል» አለኝ። ማን እንደፈራ አልነገረኝም። በማግስቱ የሠራተኞች ስብሰባ ላይ፣ ስሜ ሳይጠራ፣ ግን ሁሉም ወደ እኔ እየዞረ፣ ይህች ተባለች፦ «ጤነኛ ሰው ሰንጢ ይዞ ቢሮ አይገባም።»

አታምጣ ቢሉኝ እሺ እል ነበር። ደንብ ከሆነ ደንብ ነው። ግን የሠራተኛ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ፤ ስለ ስለት አንድም መስመር የለበትም። 6 ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። የወንበር ብሎን ሲላላ የሚጠራው ማን ነው? መሳቢያ አልከፈት ሲልስ? ያቺው ሰንጢ ናት፣ ያው ኪስ ነው። ያኔ ጤነኛ ከነበርኩ አሁን ምን ሆንኩ? እስኪ ፍረዱኝ።

ዝም አልልም፦
እኔ ከአንተ ጋር ነኝ ወንድሜ። የሰውን ጤንነት በስብሰባ መሀል ማንሳት ነውር ነው። በየጠረጴዛው ላይ መቀስ አለ። ስለቱ ከሰንጢህ ይረዝማል፣ ጫፉም ሹል ነው። መቀስ ያነሳን ሰው «ጤነኛ ነህ ወይ?» ያለው ማን ነው?

ከሦስተኛ ፎቅ፦
መቀሱን ተዉት። መቀስ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚውለው፣ ማን እንዳነሳው ሁሉም ያያል። ኪሱ ከትቶት የሚዞር አንድ ሰው አሳዩኝ። ሰንጢ ግን ከሰውየው ጋር ይገባል፣ ከሰውየው ጋር ይወጣል። ማን እንደያዘ አናውቅም። የተደበቀ ነገር ነው።

ዝም አልልም፦
«የተደበቀ» አልሽ? ኪስ እኮ ዕቃ መያዣ ነው። ቁልፍሽም ኪስሽ ውስጥ ነው፣ ስልክሽም። ደብቀሻቸው ነው? ልጁ በቀን፣ በሰው ፊት አውጥቶ ካርቶን ከፈተ። ይህ ከምን ላይ ነው መደበቅ የሆነው?

ከሦስተኛ ፎቅ፦
እስኪያወጣው ድረስ ማንም አያውቅም ነበር ወይስ ያውቅ ነበር? እሱን መልስልኝ።

ዝም አልልም፦
ያውቁ ነበር። ብሎን ያጠበቀላቸው በእሷ ነው። ከላይ ጽፎታል፣ አላነበብሽም።

ከሦስተኛ ፎቅ፦
አንብቤዋለሁ። ሁሉም አይተውታል አላለም። የጠሩት ሰዎች አይተዋል። አጠገቡ የምትቀመጠው ማየቷን አልጻፈም።

መካኒኩ፦
እኔ ዕድሜዬን ከመሣሪያ ጋር የፈጀሁ ሰው ነኝ፣ ትንሽ ልበል። ዓለም ሁሉ የሚያውቃት ቀይዋ የስዊዝ ሰንጢ ከየት መጣች? ካርል ኤልሰነር የሚባል ቢላ ሠሪ ነው የጀመራት። እ.ኤ.አ. በ1884 የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ፣ በ1891 ለስዊዘርላንድ ጦር ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ። ወታደሩ እኮ ጠመንጃ አለው። ለጠብ ቢሆን ሰንጢ ምን ይሠራለታል? የተሰጠችው ጠመንጃውን እንዲፈታባትና የታሸገ ምግብ እንዲከፍትባት ነበር። ስለት፣ መብሻ፣ ቆርቆሮ መክፈቻ፣ ካቻቢቴ። ከአራቱ ስለት የምትባለው አንዷ ብቻ ናት። ከመነሻዋ የሥራ ዕቃ ናት ነው የምላችሁ።

ከሦስተኛ ፎቅ፦
ጋሼ፣ ታሪኩን ስለነገሩን አመሰግናለሁ። ግን የጦር ሠራዊት ዕቃ ናት ብለው የነገሩን እርስዎ ነዎት። ቢሮ የጦር ሰፈር አይደለም።

ሕግ ያነበበ፦
አንድ ነገር ላስገባ። በእንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. የ1988ቱ የወንጀል ፍትሕ ሕግ፣ ታጣፊ የሆነችና ስለቷ ከ3 ኢንች የማይበልጥ ሰንጢ መያዝን አይከለክልም። 3 ኢንች 7.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የዚህ ልጅ ሰንጢ እዚያ ውስጥ ትገባለች። ስትከፈት የምትቆለፍ ከሆነች ግን እንደ ታጣፊ አትቆጠርም፣ ፍርድ ቤት እንዲያ ብሎ ወስኗል። ከዚያ በላይ የሆነውን ለመያዝ በቂ ምክንያት ማቅረብ አለብህ። ለሥራ መያዝ በሕጉ በስም ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ነው። ሰው ካስፈራራህባት ደግሞ ርዝመቷ አያድንህም። ሕጉ የሚጠይቀው ለምን እንደያዝክ ነው። ስለ ጤንነትህ አይጠይቅም።

ዝም አልልም፦
ሰማችሁ? ለሥራ መያዝ በሕግ የታወቀ ምክንያት ነው። እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት።

የሥራ ደህንነት፦
አላለቀም። ሕጉ የሚነግርህ ሰው በሚተላለፍበት ቦታ ምን እንደሚያስከስስህ ነው። አሠሪ በራሱ ግቢ ከዚያ የጠበቀ ደንብ ማውጣት ይችላል። እኔ የሥራ ቦታ ደህንነት ላይ ነው የምሠራው። ሰንጢን የምቃወመው ባልደረባ ትወጋለች ብዬ አይደለም። የምትቆርጠው የያዛትን ሰው ነው። ካርቶኑን በግራ እጅህ ትይዛለህ፣ ስለቱን ወደ ራስህ ትስባለህ። ስኮቹ ድንገት ሲለቅ ቀኝ እጅህ በዚያው ጉልበት ይሄዳል። የግራ አውራ ጣትህ ደግሞ መንገዱ ላይ ነው። ስለቱ የደነዘዘ ከሆነ ይብሳል፣ ምክንያቱም አብዝተህ ትጫናለህ። ለካርቶን ተብሎ የተሠራ ከተር አለ። የምትቆርጠውን ነገር ሲለቅ ስለቱ በስፕሪንግ ወደ ውስጥ ይገባል። ለምን እሱን አትጠይቃቸውም?

መካኒኩ፦
ልጄ፣ ጣት የሚቆርጠው የማይቆለፈው ነው። ስትጫነው ይታጠፍና ጣትህ ላይ ይዘጋል። የኔ ምልክት አመልካች ጣቴ ላይ አለ፣ ከሁለተኛው አንጓ በላይ። 30 ዓመት ሆነው፤ ብርድ ሲሆን አሁንም ይደነዝዘኛል። የፈረንሳዩ ሰንጢ ሠሪ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1955 ስለቱን የሚይዝ ቀለበት የጨመረበት ለዚህ ነው። የእንግሊዝ ሕግ ግን ጣት የሚያድነውን ቁልፍ ነው የሚያጠብቅበት። ሠራተኛ የሚጠብቅ ነገር እንደ ጦር መሣሪያ ተቆጠረ። ይህ ነው የሚያናድደኝ።

የሥራ ደህንነት፦
ቁልፉ ጣት ላይ እንዳይዘጋ ያደርጋል፣ ልክ ነዎት። እኔ ያልኩት ስለ መንሸራተት ነው። ተቆልፎም ይንሸራተታል።

መካኒኩ፦
የሚንሸራተተው አያያዝ የማያውቅ ሰው እጅ ላይ ነው።

የሥራ ደህንነት፦
እርስዎም ያውቁ ነበር፤ ጣትዎ ላይ ግን ምልክት አለ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግን ነገሩ ይኸው ነው።

ቃል መራጭ፦
«ሰንጢ» የሚለውን ቃል ራሱን ተዉት። ሰንጢ ሲባል ሰው ጆሮ ውስጥ የሚገባው ጠብ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ዱርዬ ነው። «የኪስ ቢላ» ቢባል ኖሮ ስብሰባው ላይ ያቺ ንግግር አትወጣም ነበር።

ከሦስተኛ ፎቅ፦
ስሙን ስንቀይረው ስለቱ ይደነዝዛል?

ቃል መራጭ፦
አይደነዝዝም። ሰው ግን በስሙ ነው የሚፈራው። አንቺ ራስሽ ከላይ ሰንጢ ብለሽ ጀምረሽ ወዲያው «የተደበቀ ነገር» አልሽው።

ብዙ የበረረ፦
የመቀሱ ክርክር አውሮፕላን ላይም አለ። አሜሪካ ውስጥ ከመገጣጠሚያው እስከ ጫፉ ከ4 ኢንች ያነሰ መቀስ ይዘህ ትገባለህ። ሰንጢ ግን ትንሿም አትፈቀድም። እ.ኤ.አ. በ2013 የበረራ ደህንነት ባለሥልጣናቱ ከ6 ሴንቲ ሜትር ያነሱትንና የማይቆለፉትን እንፍቀድ ብለው አስታወቁ። አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል የበረራ አስተናጋጆች ነበሩ። ለእነሱ እኮ የሥራ ቦታቸው ነው። በሩ ተዘግቷል፣ መውጫ የለም፣ የተቆጣ ተሳፋሪ አለ። ከሦስት ወር በኋላ ሐሳቡ ተተወ። እነዚህን ሠራተኞች ጤነኛ አይደላችሁም የሚላቸው አለ? መያዝም በሽታ አይደለም፣ መፍራትም በሽታ አይደለም።

ዝም አልልም፦
እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ በተጠለፉት አውሮፕላኖች ላይ የሆነውን የሚያስታውስ የበረራ ሠራተኛ ቢፈራ አልፈርድበትም። ቢሮ ግን አውሮፕላን አይደለም። አይወዳደርም።

ከሦስተኛ ፎቅ፦
«አይወዳደርም» የምትለው አንተ ነህ። እኔ ልንገርህ። የዛሬ 8 ዓመት በሌላ መሥሪያ ቤት ሁለት ባልደረቦቼ ተጣሉ። በመኪና ማቆሚያ ቦታ ምክንያት ነው፣ ቢሮ ውስጥ ነው የተጣሉት። አንደኛው ሰንጢ አወጣ። ማንንም አልወጋም፣ ከፍቶ ይዞ ቆመ ብቻ። ሦስት ሰዎች ለምነው አስቀመጡት። እኔ ከጠረጴዛዬ ጀርባ ነበርኩ፣ በሩ በእሱ በኩል ነው። የማስታውሰው ስለቱን አይደለም፣ ጠቅ ያለውን ድምፅ ነው። ዛሬም እስክሪብቶ ጠቅ ጠቅ የሚያደርግ ሰው አጠገብ መቀመጥ አልችልም። መፍራቴን ከማወቄ በፊት እግሬ ይነሳል። ያቺ ወንበሯን ገፍታ የተነሳችው ልጅ ምን እንዳየች ማን ጠየቃት?

ዝም አልልም፦
ይህን ስላየሽ አዝናለሁ እህቴ፣ ከልቤ ነው። ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ልጡ ምን አጠፋ?

ከሦስተኛ ፎቅ፦
ልጥ አትበለው። ልጥ አይነድፍም። ያኔ ያየሁት ስለት ነበር፣ ይህም ስለት ነው። የሚለየው የያዘው ሰው ነው፤ ሰውን ደግሞ አይቶ ማወቅ አይቻልም። ያ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ ከሁላችን ጋር ምሳ የሚበላ ዝምተኛ ሰው ነበር።

ዝም አልልም፦
እንግዲህ ሰውን ማወቅ ካልተቻለ ሁሉም ሰው ተጠርጣሪ ነው። እንዲህ ተሁኖ አብሮ ይሠራል?

ከሦስተኛ ፎቅ፦
እኔ ተጠርጣሪ አላልኩም። ልጥ ያልከውን መልስ መጀመሪያ።

ዝም አልልም፦
ምሳሌ ነው እኮ!

ከሦስተኛ ፎቅ፦
ምሳሌው እኔን የማይረባ ነገር የምፈራ ያደርገኛል። ለዚህ ነው መልስ የምልህ።

የእቃ ክፍሉ፦
ሁሉንም አነበብኩ። እህቴ ከሦስተኛ ፎቅ፣ ያየሽው ቀላል አይደለም፣ አልከራከርሽም። ግን «ሰውን ማወቅ አይቻልም» ስትዪ ያመኛል። 6 ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ታማ በቀረችበት ወር ሥራዋን እኔ ነኝ የሸፈንኩት። «እባክህ ይህን ነገር አጠገቤ አትክፈተው» ብትለኝ እዚያው ላይ አቆም ነበር። በኪሴም አልይዛትም ነበር።

የሥራ ደህንነት፦
አንተስ ከዚያ ወዲህ አናግረሃታል?

የእቃ ክፍሉ፦
አላናገርኳትም። ደህና አደርሽ፣ ደህና አደርክ ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ።

ዝም አልልም፦
ለምን እሱ ቀድሞ ይናገራል? ስሙ የጠፋው የእሱ ነው።

ከሦስተኛ ፎቅ፦
ቆይ። «ጤነኛ ሰው» ያለችው እሷ ናት?

የእቃ ክፍሉ፦
አይደለችም። አለቃችን ነው። እሷ ስብሰባው ላይ አንገቷን ደፍታ ነበር።

ከሦስተኛ ፎቅ፦
ይህን ከመጀመሪያው ጥርት አድርገህ ጻፈው እንጂ! ልጅቷ የነገረችው መፍራቷን ነው። መፍራት ስድብ አይደለም። ስድብ ያደረገው እሱ ነው። የእሷን ፍርሃት ወስዶ የአንተን ጭንቅላት መመርመሪያ አደረገው። አሁን አንተም ተሰደብክ፣ እሷም እንደ ከሳሽ ተቆጠረች። እሱ ደግሞ አንድ መስመር ደንብ እንኳን አልጻፈም።

ዝም አልልም፦
ስለዚህ ተስማማሽ።

ከሦስተኛ ፎቅ፦
አልተስማማሁም። ቃሉ ስህተት ነው፣ ሰንጢው ግን ቤት ይቅር። ሁለቱን አታቀላቅልብኝ። ልጡንም አልመለስክም።

ቃል መራጭ፦
እኔ አሁንም ቃሉ ላይ ነኝ። በጽሑፍ ይቅርታ ይጠየቅ። በስብሰባ የተባለ ነገር በስብሰባ ነው የሚነሳው።

ዝም አልልም፦
አለቃ በስብሰባ ላይ ይቅርታ ሲጠይቅ ያየ እጁን ያውጣ።

የእቃ ክፍሉ፦
ይቅርታውን ትቼዋለሁ። ከተር እንዲገዛ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ፣ መልስ አልመጣም። ትናንት ካርቶን ሲመጣ ስኮቹን በቤቴ ቁልፍ ነው የሰነጠቅኩት። ቁልፉ ተጣመመ፣ በሬን ለመክፈት ስታገል ነው ያመሸሁት። እሷ እያየችኝ ነበር። መቀሷን አንስታ ጠረጴዛዬ ጥግ ላይ አስቀመጠችልኝ። ምንም አላለችም፣ እኔም ምንም አላልኩም።

መካኒኩ፦
ከተር ብሎን አያጠብቅም፣ ልንገራችሁ።

የሥራ ደህንነት፦
ለብሎኑ ካቻቢቴ ይገዛል፣ ለካርቶኑ ከተር። እያንዳንዱ ለሥራው።

ከሦስተኛ ፎቅ፦
ሲገዛ ጠቅ የማይለው ይገዛ። ሌላ የምለምነው የለኝም።

መካኒኩ፦
ጠቅ ማለቱ እኮ ነው ስለቱ ቦታውን መያዙን የሚነግርሽ ልጄ። ጠቅ ያላለውን እኔ አልይዝም።