የድንች ሾርባዬ ብሌንደር ሲነካው ይሳባል፤ ምን ላድርግ?

እናቴ ጥርሷን እየታከመች ስለሆነ ሰሞኑን ማኘክ አትችልም። የምትበላው ሾርባ ብቻ ነው። ወተትና ክሬም ሆዷን ስለሚነፋት የማወፍረው በድንች ነው። ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ድንች ነው።

አንድ ራስ ቀይ ሽንኩርት በትንሽ ዘይት አቁላላለሁ። ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት ካሮትና አራት መካከለኛ ድንች ቆራርጬ እጨምራለሁ። ከዚያ አንድ ሊትር ውሃና ጨው። ከድኜ በመካከለኛ እሳት 25 ደቂቃ ያህል አበስለዋለሁ። ድንቹ ሹካ ሲነካው ፍርስ ይላል። እስከዚህ ድረስ ጣዕሙ አንደኛ ነው፤ መረቁን ብቻ ብጠጣው አይከፋኝም።

ብሌንደር ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ሆኖ ቁጭ ይላል። ማንኪያውን ሳነሳ ክር እየሠራ ይከተለኛል፣ ላንቃ ላይ ይለጠፋል። እናቴማ «ይሄ ፖስታ ማሸጊያ ነው እንዴ?» ብላ ሳህኑን ገፋችው። (ቀልዷ እንኳን አልታመመም።)

ውሃ ስጨምርበት ቀጠነ እንጂ መሳቡን አልተወም። ድንቹን ስቀንስ ደግሞ ካሮቱ ከታች ዘቀጠ፣ ከላይ ውሃ ብቻ ቀረ። በሹካ ስደፈጥጠው አይሳብም፤ ግን ጓል ይቀራል፣ እሷ ደግሞ ጓሉን መዋጥ ያቅታታል። የድንቹ ስታርች በብሌንደር ስለት ብዙ ሲመታ እንደሚለጠፍ ገብቶኛል። መውጫው ነው የጠፋኝ።

ወተት ሳይገባበት ልስልስና ወፈር ያለ ሾርባ እንዲወጣልኝ የቱ ይሻላል፦ ካሮቱን ብቻ ፈጭቼ ድንቹን በወንፊት ማሳለፍ፣ ወይስ ድንቹን ትቼ በቀይ ምስር ክክ ማወፈር?